ሰውየው ነጻ፣ ገንዘቡ ተከሳሽ፦ የአሜሪካ ፖሊስ ያለ ወንጀል ክስ ንብረት የሚወርስበት አሠራር

ከሳሽ፦ የአሜሪካ መንግሥት። ተከሳሽ፦ 124,700 ዶላር። ቀልድ አይደለም፤ የእውነተኛ የክስ መዝገብ ርዕስ ነው። ሌላም አለ። 64,695 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን የሻርክ ክንፍ ተከስሷል። የማይክል ጃክሰን ክሪስታል የተለጠፈበት ነጭ ጓንት ሳይቀር ተከሳሽ ሆኖ መዝገብ ተከፍቶበታል።

የፍትሐ ብሔር ንብረት መውረስ የሚባለው አሠራር ይሄ ነው። ፖሊስ አንድ ንብረት ከወንጀል ጋር ንክኪ አለው ብሎ ከጠረጠረ ይይዘዋል። ካሽ፣ መኪና፣ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ወርቅ፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ከዚያ መንግሥት የሚከሰው ባለቤቱን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ባለቤቱ መታሰሩ ግድ አይደለም፤ መከሰሱም፣ ጥፋተኛ መባሉም ግድ አይደለም። በወንጀል ችሎት ቢሆን መጀመሪያ ሰውየው ይፈረድበታል፤ ንብረቱ የሚወረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ሰውየው መዝገቡ ውስጥ የሚገባው «ይገባኛል» ባይ ሆኖ ነው። ያውም ካመለከተ። (ከአንድ ቦታ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የ124,700 ዶላሩ ነገር የተጀመረው በ2003 ነብራስካ ውስጥ፣ ኢንተርስቴት 80 ሃይዌይ ላይ ነው። አንድ ሹፌር ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። መኪናው የኪራይ ነው፤ የተከራየውም በሌላ ሰው ስም ነው። ገንዘብ ይዘሃል ወይ ሲባል አልያዝኩም አለ። ሲፈተሽ ካሹ በፎይል ተጠቅልሎ ምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። አደንዛዥ ዕፅ የሚያነፈንፍ ውሻ መጣ፣ አሸተተ፣ ምልክት ሰጠ። ዕፅ ግን ቅንጣት አልተገኘም። ሰውየው ለፍርድ ቤት የሰጠው ማብራሪያ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ሊገዙ ነበር። ለምን ታዲያ ዋሸህ ሲባል፣ ያን ያህል ካሽ መያዝ የሚያስጠይቅ መስሎኝ ፈርቼ ነው አለ።

የሥር ፍርድ ቤቱ አመነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2006 በ2 ለ1 ድምፅ ገንዘቡን ለመንግሥት ሰጠው። በልዩነት የወጡት ዳኛ ዶናልድ ሌይ፣ ገንዘቡን ከዕፅ ንግድ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አልቀረበም ብለው ጻፉ። የእሳቸው ሐሳብ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ሆኖ ቀረ።

ስለ ውሻው አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ከተሞች ሲዘዋወሩ ከነበሩ የዶላር ኖቶች 90 በመቶ ያህሉ ላይ የኮኬይን ርዝራዥ አግኝቷል። በዋሽንግተን ዲሲ 95 በመቶ ደርሷል። ኖቱ ከእጅ እጅ፣ ከመቁጠሪያ ማሽን ማሽን ሲዞር እርስ በርሱ ይነካካል። ስለዚህ ውሻ ካሽ ላይ ምልክት ሰጠ ማለት ብዙ የሚናገር ነገር አይደለም። መዝገቦቹ ውስጥ ግን እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ኖሯል።

ሐሳቡ የመጣው ከባሕር ነው። በድሮ ጊዜ የጉምሩክ ቀረጥ ያልከፈለ መርከብ ወደብ ላይ ሲያዝ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። እሱን ማግኘት አይቻልም፤ መርከቡ ግን አለ። ስለዚህ መርከቡ ይከሰስ ተባለ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1789 ይህንኑ በጉምሩክ ሕጉ ውስጥ አስገባው። ቀጥሎ የባሕር ወንበዴዎችና የባሪያ ነጋዴዎች መርከቦች ላይ ዋለ። መጠጥ በተከለከለበት ዘመን ደግሞ አረቄ የጫኑ መኪኖች ላይ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ጉዳይ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በአደንዛዥ ዕፅ ላይ በተከፈተው ዘመቻ ጊዜ ነው። የ1970ው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ዕፁንና ማጓጓዣውን መውረስ ፈቀደ። በ1978 ገንዘብ ተጨመረ። በ1984 ደግሞ ኮንግረስ ዋናውን ነገር አደረገ። እስከዚያ ድረስ የሚወረሰው ንብረት ወደ መንግሥት አጠቃላይ ካዝና ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ፈንድ ተቋቋመለት። የከተማና የካውንቲ ፖሊስም ከፌደራል ጋር ከሠራ ከተወረሰው እስከ 80 በመቶ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ያዡ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶችም በየራሳቸው ሕግ ለፖሊስና ለአቃቤ ሕግ ድርሻ ሰጡ። በኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ጣጣ ሥሩ እዚህ ነው። ፖሊሱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ በጀት በያዘው ልክ የሚያድግ ከሆነ፣ ዓይኑ ዕፅ ከሚገባበት መስመር ይልቅ ካሽ ወደሚመለስበት መስመር ማዘንበሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ሂደቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ዳኛ ፊት አይደለም። የሚሸነፈው ፖስታ ሳጥኑ ጋ ነው። የፌደራል ፖሊስ ገንዘብ ከያዘ በኋላ በአብዛኛው በ60 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ደብዳቤው ላይ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ከተላከ ቢያንስ 35 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «የኔ ነው» ብሎ ቃለ መሐላ ያለበት ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ወይ ክስ እንዲመሠርት ወይ ገንዘቡን እንዲመልስ ያስገድዳል። ያላስገባ ሰው ገንዘቡ በአስተዳደር ውሳኔ ይወረስበታል። ካሽ ከሆነ መጠኑ ገደብ የለውም። ዳኛ መዝገቡን አያየውም።

ታዲያ ሰው ለምን አያመለክትም? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የተያዘብህ 6,000 ዶላር ነው እንበል። መንግሥት ጠበቃ አያቆምልህም፤ ከመኖሪያ ቤትህ በስተቀር። የግል ጠበቃ ከጠየቅክ ክፍያው ከተያዘብህ ሊበልጥ ይችላል። የተያዘብህ ሌላ ክፍለ ግዛት ከሆነ የመንገድና የሥራ ቀን ኪሳራ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያላለቀለት ሰው ከሆነ ደግሞ ከመንግሥት ጋር መሟገቱ ራሱ ያስፈራዋል። ብዙው «ይቅርብኝ» ብሎ ይተወዋል። የ2000ው የማሻሻያ ሕግ መንግሥት ማስረጃው ሚዛን የሚደፋ መሆኑን እንዲያሳይ ግዴታ ጣለበት። ያሸነፈ ባለቤት የጠበቃ ወጪውን እንዲያስመልስም ፈቀደ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚጠቅመው ፍርድ ቤት ለደረሰ ሰው ነው።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ያሳያሉ። ዋሽንግተን ፖስት በ2014 ባወጣው ምርመራ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ወዲህ ያለ ፍተሻ ትእዛዝና ያለ ክስ የተደረጉ 61,998 የካሽ መያዝ ድርጊቶችን ቆጥሯል። ድምሩ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ግማሾቹ እያንዳንዳቸው ከ8,800 ዶላር በታች ነበሩ። የዕፅ ባሮን ገንዘብ አይመስልም። በ2017 ደግሞ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር፣ ዲ.ኢ.ኤ. የተባለው የዕፅ ቁጥጥር ፖሊስ በአሥር ዓመት ውስጥ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሽ ያለ ክስና ያለ ዳኛ እንደወረሰ ጻፈ። ኢንስፔክተሩ ካያቸው 100 መዝገቦች ውስጥ ከወንጀል ምርመራ ጋር መያያዛቸው የተረጋገጠው 44ቱ ብቻ ነበሩ። ለባለንብረቶች ጥብቅና የሚቆመው ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ በበኩሉ ከ2000 ወዲህ ክፍለ ግዛቶችና ፌደራል መንግሥቱ ቢያንስ 68.8 ቢሊዮን ዶላር እንደወረሱ በ2020 አስልቷል። ይህ የወንጀሉንም የፍትሐ ብሔሩንም ይጨምራል።

ፊላደልፊያ ለብቻዋ መታየት አለባት። በከተማው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ 478 ቁጥር ክፍል ነበር። ችሎት ይባላል፤ ዳኛ ግን የለውም። ጉዳዩን የሚመሩት አቃቤ ሕጎች ናቸው፤ ማለትም ከሳሾቹ ራሳቸው። ቤቱ ወይም መኪናው የተያዘበት ሰው ደጋግሞ እንዲመላለስ ይደረጋል። አንድ ቀጠሮ ከቀረ ንብረቱ ሊሄድ ይችላል። አንድ ቤተሰብ ልጃቸው 40 ዶላር የሚያወጣ ሄሮይን ሸጠ ተብሎ ከገዛ ቤታቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። በ2014 በጋራ ክስ ተመሠረተ። ከተማዋ በ2018 ለተጎጂዎች 3 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብና አሠራሩን ለመቀየር ተስማማች።

ምሥራቅ ቴክሳስ ያለችው ትንሿ ቴናሃ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራት። በከተማዋ የሚያልፉ ሹፌሮች፣ በተለይ ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ ይቆማሉ። ገንዘብ ከተገኘ ምርጫ ይሰጣቸዋል፤ ወይ ገንዘቡን በፈቃዳችሁ ለቅቃችሁ ፈርሙ፣ ወይ በሕገ ወጥ ገንዘብ ማጠብ እንከሳችኋለን። ልጅ ለያዙት ልጆቻችሁ ለማሳደጊያ ይሰጣሉ የሚል ዛቻም ይጨመራል። ሰዎች ፈርመው ሄዱ። በዚህ የተነሣ የተመሠረተው ክስ በ2012 በስምምነት አለቀ። ቴክሳስም በ2011 መንገድ ዳር የሚደረገውን የዚህ ዓይነት ማስፈረም በሕግ ከልክላለች።

ለአበሻ ማኅበረሰብ ነገሩ የሚቀርበው በሁለት በር ነው። አንዱ ኤርፖርት ነው። ካሽ ይዞ መብረር በአሜሪካ ሕግ አይከለከልም። ከአገር ሲወጣም ሆነ ሲገባ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ያላስታወቀ ሰው ሙሉው ገንዘብ ሊያዝበት ይችላል፤ ከ10,000 በላይ ያለው ብቻ አይደለም። ለማምለጥ ብሎ ለባልና ለሚስት ከፋፍሎ መያዝም ጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ፍርድ በ1998 የተሰጠው ነው። በሎስ አንጀለስ ኤርፖርት አንድ ቤተሰብ 357,144 ዶላር ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሊበር ሲል ገንዘብ ለማሽተት የሠለጠኑ ውሾች አገኙት። ገንዘቡ ንጹሕ ነበር፤ የሚሄደውም ብድር ለመክፈል ነው። ጥፋቱ አለማስታወቁ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሙሉውን መውረስ ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ከልክ ያለፈ ቅጣት ነው አለ። እርግጥ ያ የወንጀል መዝገብ ነበር። ቤተሰቡም ፍርዱን ለማግኘት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት።

በአገር ውስጥ በረራም ሌላ ጉድ ወጥቶ ነበር። አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ በመጨረሻው ሰዓት ቲኬት የሚቆርጡ መንገደኞችን ስም ለዲ.ኢ.ኤ. እያቀበለ ከሚወረሰው ገንዘብ ይካፈል ነበር። ለለቅሶ ድንገት የሚበር ሰውም በዚህ መለኪያ ተጠርጣሪ ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በኅዳር 2024 በመጓጓዣ ቦታዎች ላይ መንገደኛን «በፈቃዱ» አስቁሞ የመፈተሹን አሠራር አግዷል።

ሁለተኛው በር ባንክ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ የሚያስገባ ደንበኛን ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ እየከፋፈሉ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ሐቀኛ ላብ ቢሆንም። ዕቁብ የወጣለት፣ ሬስቶራንት ወይም ጋዝ ስቴሽን ያለው ሰው ሳያስበው 9,000 እና 9,500 እያለ የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ግብር ሰብሳቢው አይ.አር.ኤስ. በዚህ ሰበብ የብዙ ትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ጠርጎ ወስዷል። በ2017 የወጣ የመንግሥት የቁጥጥር ሪፖርት ከመረመራቸው መዝገቦች 91 በመቶዎቹ ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ እንደነበር አመልክቷል። ኮንግረስ በ2019 አይ.አር.ኤስ. በዚህ ሰበብ መያዝ የሚችለው ከሕገ ወጥ ሥራ የተገኘ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን የዋለ ገንዘብ ብቻ እንዲሆን ደነገገ።

የሚደግፉት ሰዎችም ባዶ አፍ አይደሉም። የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን (ካርቴል) አለቃ ሜክሲኮ ተቀምጦ ገንዘቡ ቴክሳስ ቢገኝ፣ ሰውየውን ሳይዙ ገንዘቡን መያዝ ካልተቻለ ምን ይደረጋል? የቀድሞው የጋምቢያ ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህ ሜሪላንድ ፖቶማክ ውስጥ የነበረው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ቪላ በ2022 የተወረሰው በዚሁ መንገድ ነው። የጓንቱ ባለቤት የኢኳቶሪያል ጊኒው ፕሬዚዳንት ልጅም በ2014 ማሊቡ ያለውን ቤቱንና ፌራሪውን ሊለቅ ተስማምቷል። የኢትዮጵያ ፓርላማም በ2017፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ያጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ያለ ጥፋተኝነት ፍርድ መውረስን የሚፈቅድ ክፍል አለው። አምባገነንን ያንበረከከ ሕግ ሃይዌይ ላይ በቆመ ሹፌር ላይ ሲውል ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሐል ላይ ይዋልላል። በ1996 አንዲት ሚስት ባሏ ሴተኛ አዳሪ ጋር የተያዘበትን የጋራ መኪና ድርሻዋን አጣች፤ ምንም ሳታውቅ። በ2019 በኢንዲያና ጉዳይ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ ከልክ ያለፈ ቅጣት ክልከላው ክፍለ ግዛቶችንም ይመለከታል አሉ። እዚያ የተያዘው 42,000 ዶላር የተገዛ ላንድ ሮቨር ነው፤ የወንጀሉ ከፍተኛ የገንዘብ ቅጣት ደግሞ 10,000 ነበር። በ2024 ግን ሁለት ሴቶች አላባማ ውስጥ በሰው ጥፋት የተያዙ መኪኖቻቸውን በተመለከተ፣ ዋናው ክርክር እስኪሰማ ፈጥኖ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት ይኑረን ሲሉ 6 ለ3 ተሸነፉ።

ሰሜን ካሮላይና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ነብራስካና ሜይን አሠራሩን ከሕጋቸው አውጥተዋል። ሆኖም አልበከርኪ ከተማ ኒው ሜክሲኮ በ2015 ከከለከለች በኋላም መኪና መያዟን ቀጥላ በ2018 ነው ፌደራል ዳኛ ያስቆማት። ሌላም ቀዳዳ አለ። የአንድ ከተማ ፖሊስ የያዘውን ለፌደራል አስተላልፎ ድርሻውን መውሰድ ይችላል። የያኔው የአሜሪካ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደር በ2015 ይህን በር አጠበቡት፤ በኋላ በዚሁ ሥልጣን ላይ የተቀመጡት ጄፍ ሴሽንስ በ2017 መልሰው ከፈቱት። ቀዳዳውን የሚደፍን የሕግ ረቂቅ በ2023 በተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ 26 ለ0 አልፎ ነበር። ሪፐብሊካንና ዴሞክራት በአንድ ድምፅ የተስማሙበት ያ ረቂቅ በዚያ የኮንግረስ ዘመን ሳይጸድቅ ቀረ።