ባይፎካል ኮንታክት ሌንስ እንደ ባይፎካል መነጽር አይደለም

አርባን ስታልፉ ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ላይ ማተኮር ያቅተዋል፤ በሽታ አይደለም፣ ለማንም አይቀርም።

ባይፎካል ማለት ባለ ሁለት ኃይል ነው፣ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። መነጽር ሲሆን ቁልቁል ስታዩ በታችኛው ክፍል ታነባላችሁ፣ ኮንታክት ሌንስ ግን ዓይን ላይ ተቀምጦ አብሮት ስለሚዞር ላይና ታች ብሎ መክፈሉ ብቻውን አይሠራም። ስለዚህ አብዛኞቹ ለስላሳ ሌንሶች ኃይሎቹን እንደ ቀለበት አንዱን በአንዱ ዙሪያ ይደረድራሉ። የሩቁም የቅርቡም ምስል በአንድ ጊዜ ይገባል፣ የሚፈልገውን የሚመርጠው አንጎል ነው! ለዚህ ነው መጀመሪያ ሰሞን ብዥ የሚለው፣ ማታ ደግሞ መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን የሚታየው። አንዳንድ ጠንካራ ሌንሶች ላይ ግን የቅርቡ ኃይል እውነትም ከታች ነው፤ ቁልቁል ስታዩ የታችኛው የዓይን ቆብ ሌንሱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መልቲፎካል የሚሉት ለመካከለኛ ርቀትም ኃይል ያለው ነው። አንድ ዓይን ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ ሲደረግ ደግሞ ሞኖቪዥን ይባላል፣ ባይፎካል አይደለም።

ማዘዣው ላይ «አድ» ብሎ +2.00 ካለ፣ ለቅርብ የሚጨመረው ኃይል ነው። የመነጽር ማዘዣችሁን ይዛችሁ ሌንስ አትግዙ፤ ዓይናችሁ ላይ ተሞክሮ መለካት አለበት።