የብረት ማዕድን ምንድን ነው?

ቡራዩ ላይ ለቤት መሠረት በተቆፈረ ቁጥር ይህን ወሬ እሰማለሁ። ቀዩ አፈር ይከመራል። አንዱ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አስሮ አፈሩ ላይ ይጎትታል። ማግኔቱ ጥቁር ጺም አብቅሎ ይነሳል። «አየህ! የተቀመጥነው ብረት ላይ ነው!»

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ነገሩን ከተማ እስከመቆርቆር አደረሰው። ስዊድኖች ብረት አገኙና ኪሩናን ቆረቆሩ፤ እኛ ቀይ አፈር ላይ ተኝተን ብረት ከውጭ እናስገባለን አለ። ቁጭቱን እጋራዋለሁ። ግን የብረት ማዕድን ማለት ብረት ያለበት አፈር ማለት አይደለም።

ብረት የሌለበትን አፈር ማግኘት ነው የሚከብደው። ወጥ ውስጥም ጨው አለ። ጨው አለቀብኝ ብሎ ወጥ የሚገዛ ግን የለም። ጨው ከፈለጋችሁ ከአፋር ተቆርጦ የሚመጣ አሞሌ አለ። የቡራዩ አፈር ወጡ ነው። የመጣው ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከ100 ኪሎ ባዛልት ውስጥ ብረቱ ከ10 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ቅንጣትም ከዚያው ድንጋይ የረገፈ ማግኔታይት የሚባል የብረትና የኦክስጅን ውሁድ ነው። የኪሩና ድንጋይ ግን ከ100 ኪሎው ከ60 በላይ ብረት ነው። አሞሌ ማለት እሱ ነው።

ቅላቱም አያታልላችሁ። ቀለሙ የሚነግረን ብረቱ መዛጉን እንጂ ብዛቱን አይደለም። የአቃቂ ጥቁር ዋልካም ብረት አለው። የኪሩናው ድንጋይ ራሱ ጥቁር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ የጂኦሎጂ ሙያው ዝም አያሰኝም፦ ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈሩ ለረጅም ዘመን ታጥቦ ብረቱ እየተከማቸ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ላተራይት እንለዋለን። ስለዚህ ቀይ አፈር መቼም ማዕድን አይሆንም አላልኩም። የሚለየው ግን ላቦራቶሪ ነው፤ ማግኔት አይደለም።

«ብረት አገኙና ቆረቆሩ» የሚለው ነው የሚያንገበግበኝ። በኪሩና ተራራ ብረት መኖሩ ከ1600ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ከተማው የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። 200 ዓመት ሙሉ ብረቱ እዚያው ነበር፤ አካባቢው ሳሚ የተባሉት የሰሜኑ ነባር ሕዝብ አጋዘን አርቢዎች አገር እንደሆነ ቀጠለ።

የጎደለው ምን ነበር? አንዱ ችግር ፎስፈረስ ነው። ድንጋዩ ፎስፈረስ ይበዛበታል፤ ፎስፈረስ የገባበት ብረት ደግሞ በብርድ ጊዜ ይሰበራል። አሞሌው ውስጥ አሸዋ አለበት እንደማለት ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲድኒ ቶማስ የተባለ እንግሊዛዊ ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆኖ ፎስፈረሱን የሚያስወግድ የማቅለጫ ዘዴ አገኘ። አሸዋው ተነፋ።

ሌላው ግመሉ ነው። ግመል ከሌለ አሞሌ ዳሎል ላይ የተጋደመ ድንጋይ ነው። የኪሩና ግመል ባቡር ነበር። ሐዲዱ በ1899 ኪሩና ደረሰ። በ1902 ባሕሩ በክረምትም በረዶ ወደማይሆንበት የኖርዌይ ወደብ ናርቪክ ገባ። በመሃሉ ብረቱን የሚቆፍረው ኩባንያ ኃላፊ ያልማር ሉንድቦም ከተማውን አስነደፈ። ሰውየው ጂኦሎጂስት ነበር፤ ከተማው የተቆረቆረው ግን ሐዲዱ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያው በ1902 የእኛም ባቡር ወደ ሐረር መውጣት ሲከብደው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ድሬ ላይ የሚቆፈር ማዕድን አልነበረም። ሐዲድ ነበር።

ጣጣው ከቃሉም ይመጣል። በአማርኛ «ማዕድን» ስንል መሬት ውስጥ ያለውንም፣ ቆፍረን የምንሸጠውንም ማለታችን ነው። በእኛ ሙያ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የብረት ማዕድን የሚባለው ተቆፍሮ፣ ተጣርቶና ተጓጉዞ ሲሸጥ ወጪውን ሸፍኖ የሚተርፈው ድንጋይ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ትናንት ማዕድን የነበረው ዛሬ ተራ ድንጋይ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ ከተማችን ዳር ያለውን ፈልጉ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በሰፈራችን የሚያልፍ ልጅ አለ። ጆንያው ውስጥ የተጣመመ ፌሮ፣ የዛገ የበር ማጠፊያ፣ ግማሽ አካፋ አለ። ከሞላ ጎደል ብረት ብቻ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው። የሚያቀልጠው ፋብሪካም ሩቅ አይደለም። ጎረቤቴ ማግኔቱን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ ልጁ በአጠገቡ አልፎ ሄደ።