«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ትልቅ ቁምሳጥን ገዝቶ ሲያስጭን እናቱ ብታየው ምን ትለዋለች? «ልጄ፣ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል አሉ!» ትለዋለች። ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ የሚል ሰው ዕቃ ሲያበዛ የሚባል ነው። ስድብ አይደለም፤ ግን ይቆነጥጣል። የራሱ ኑሮ ሳይረጋለት የሌላውን ጣጣ ተሸክሞ ለሚንከራተትም ይባላል። ለራሱ ለወንዙም ይነገራል፤ የአገሩን ሀብት ይዞ ሌላውን ሊያጠግብ ይሄዳል ለማለት። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል የዚህ ዘመድ ነው።

ምንጩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክረምት ላይ ዓባይ ዳር የቆመ ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው። ወንዙ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ጣና ይገባል። ከባሕር ዳር ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይከብና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። መንገዱ በሙሉ ዙሪያ ነው። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ደዴሳ በየተራ ይቀላቀሉታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እነዚህ ገባሮች ያገኙትን ነቅለው ይዘው ይመጣሉ። ግንዱ አንድ ቋጥኝ ላይ ያርፋል፤ በማግሥቱ ሙላት ሲመጣ ደግሞ ይነሳል። ወንዙ ራሱ የትም አያድርም። ይህን እያየ ያደገ ገበሬ አባባሉን ለመፍጠር ብዙ መጨነቅ አላስፈለገውም።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግንዱ ነው። ግንድ ብቻውን አይሄድም። ዛፍ ተነቅሎ ወንዝ ከገባ፣ ሥሩ ይዞት የነበረው አፈር ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። ግንዱ ስለሚንሳፈፍ ታየ፤ ተረት ተተረተለት። አፈሩ ቀለም ሆኖ ነው የሚያልፈው። ዓባይ ክረምት ላይ የሚደፈርሰው የማሳችንን ጀርባ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው። በየዓመቱ ድንበር የሚሻገረው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዛሪስ ግድብ በ1966 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን የመያዝ አቅሙን በደለል አጥቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ግድቡን ከፍ የማድረጉ ሥራ ተጠናቀቀ። ያ ደለል የቤጌምድር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ እርሻ ነበር።

ሐምሌ 2012 የህዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ብዙ ሰው «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ብሎ ተደሰተ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅም ይኸው ነበር የተባለው። ደስታው የሁላችንም ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ማደሪያ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ውሃው ማደሪያ ሲያገኝ ደለሉም አብሮ ያድራል። የአፈሩ ማደሪያ ግድቡ ያለበት ጉባ ሊሆን አይችልም። የአፈሩ ማደሪያ ከላይ ነው፣ ማሳው ውስጥ።

ማሳው እንግዳ ማሳደር ለምን አቃተው? የጤፍን እርሻ እንይ። ጤፍ የደቀቀ መሬት ይፈልጋል። አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። የሚዘራው ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ነው፤ መሬቱ ራቁቱን ሆኖ ዶፉን የሚቀበለው ያኔ ነው። ገለባው ለከብት ይሄዳል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለአፈሩ የሚመለስለት ነገር የለም። ፍግና ብስባሽ ያላገኘ አፈር ዝናብ ሲመታው ላዩ ይጠጥርና ውሃውን ወደ ታች ይለቀዋል። ቦረቦር የሚጀምረው እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቢወጣ ያው ማሳ በቶሎ ይደርቃል። ጎርፉንና ድርቁን እንደ ሁለት መቅሠፍት ነው የምንቆጥራቸው፤ እርሻው ላይ ግን ጉድለታቸው አንድ ነው፣ ውሃው አላደረም። የአየር ንብረት ለውጥ የዝናቡን ጠባይ እያከፋው ሲሄድ የሚጎዳው በመጀመሪያ ይህ ማሳ ነው።

እርከን ለዚህ የመጀመሪያው መልስ ነው። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ እርከን ዳገት ላይ ለዘመናት ሲያርሱ ኖረዋል፤ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጎጃም ውስጥ፣ ደምበጫ አካባቢ ያለው አንጀኒ ደግሞ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ የተጠናበት ቦታ ነው። እዚያ አፈሩን ወደ ላይ እየጣሉ የሚሠሩት «ፋንያ ጁ» የሚባል እርከን ዳገቱን ቀስ በቀስ እያስተካከለ ወደ መደብ ቀይሮታል። እዚህ ላይ ግን የገበሬውን ቅሬታ መስማት ያስፈልጋል። እርከን መሬት ይሻማል። አይጥ ይራባበታል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ውሃ ያቁርና ሰብሉን ያበሰብሳል። ከላይ ታዞ በዘመቻ የተቆፈረ፣ መውረጃ ያልተሠራለት እርከን በማግሥቱ ቢፈርስ አይገርመኝም። ገበሬውን ሰነፍ ማለት ደግሞ ግፍ ነው።

በተከዜ በኩል ትግራይ ውስጥ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ በጣም ታስደስተኛለች። ውቅሮ አጠገብ ያለች ደረቅ ቀበሌ ነበረች። ሕዝቡ ተራራውን ከንክኪ ነፃ አደረገ፣ እርከንና ክትር ሠራ፣ ኩሬ ቆፈረ። ከዓመታት በኋላ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ከፍ አለ፤ የጉድጓድ ውሃ ቅርብ ሆነ፤ ፍራፍሬና አትክልት በመስኖ ማምረት ተቻለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች። ውሃው ከላይ ተራራው ውስጥ አደረና ከታች ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ።

ማደር የሚለውን በደንብ ያሳየኝ ግን ሽምብራ ነው። ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ያቆያል። ገበሬው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራውን ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይጥልም አዝመራው አፈሩ ውስጥ ባደረው እርጥበት ይደርሳል። ጓያም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ሽምብራ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ ይጠቀምበታል። ማዳበሪያ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም። ሽምብራው ደግሞ ወዲያው ሽሮ ይሆናል። ቤት ውስጥ ተቆልቶ፣ ሰፈር ወፍጮ ተፈጭቶ፣ ጾሙን ሁሉ ያሻግራል። የስንዴ መርከብ ቢዘገይም የሽሮ ድስት አይቆምም። የጾም ምግባችን የእርሻችንን ተራ ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኛል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ የሚበላ ስላለ ማሳው ላይ እህልና ጥራጥሬ ሲፈራረቁ ኖረዋል።

አስቸጋሪው ከመኸር በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ በብዙ አካባቢ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ገለባውን አፈሩ ላይ ልተወው ቢል የጎረቤት በሬ ይበላዋል፤ የሠራውንም እርከን ይረግጥበታል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉብዝና አይደለም። አካባቢው ተሰብስቦ ደንብ ባወጣበት፣ ከብቱን አስሮ ሣር እያጨደ መቀለብ በጀመረበት ቦታ እርከኑ ይቆማል፣ ሣሩ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ፍጉም አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ለማገዶ ዛፍ የተከለ ቤት ደግሞ ኩበቱን ከማንደድ ይልቅ ለማሳው ይተርፈዋል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ግን ጥር ላይ የተሠራው እርከን ግንቦት ሳይደርስ ፈርሶ፣ የሰኔው ጎርፍ ያንኑ አፈር ይዞ ወንዝ ይገባል።