ሱፐርቪዥን ምንድን ነው? ከስፖርተኞች ጋር ለሚሠራ ጀማሪ ባለሙያ

በጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት የሠራ ሰው «ሱፐርቪዥን መጥቷል» ሲባል ወዲያው የሚታየው ቼክሊስት የያዘ ቡድንና የሚገላበጥ መዝገብ ነው። ከከፍተኛ ደረጃ ስፖርተኞች ጋር በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። ጀማሪው ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ምግብ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ልምድ ካለው የሙያ ባልደረባው ጋር ተቀምጦ፣ በሳምንቱ የሰጣቸውን ውሳኔዎች አንድ በአንድ እያነሳ የሚመረምርበት ቋሚ ውይይት ነው።

ሐሳቡ ለጅማ እንግዳ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ከልዩ ልዩ የሙያ ዘርፎች ተውጣጥተው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ መምህር ይከታተላቸዋል፤ በሆስፒታልም ተለማማጁ ሐኪም ስለ ታካሚው የደረሰበትን በጠዋቱ ራውንድ ለከፍተኛ ሐኪሞች አስረድቶ ጥያቄ ይቀርብለታል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳበት ከተማ፣ ተመርቆ ወደ ሜዳ የሚወጣ ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። በረዶና ፋሻ የያዘ ቦርሳውን አንግቶ፣ ሕዝብ እያየው፣ በደቂቃ ውስጥ ይወስናል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ብቸኝነት ነው።

ለምሳሌ ከሦስት ሳምንት በፊት የኋላ ጭኑ ጡንቻ የተጎዳበትን ተጫዋች እንውሰድ። ሐሙስ ልምምድ ሲያልቅ አሠልጣኙ ወደ ወጌሻው ቀርበው «ለእሑድ ይደርስልናል?» ይሉታል። ወጌሻው ወደ ተጫዋቹ ዞሮ «እንዴት ነህ፣ ያምሃል?» ሲለው «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል፤ ይፈቀድለታል። እሑድ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ ሊደርስ ሲሮጥ ጭኑን ይዞ ይወድቃል።

በሱፐርቪዥኑ ሰዓት ጥሩ ተቆጣጣሪ «ለምን ፈቀድክለት?» ብሎ አይጀምርም። «ስትጠይቀው የት ቆማችሁ ነበር? ማን ይሰማ ነበር?» ይለዋል። ወጣቱ ያኔ ነው፣ ተጫዋቹን የጠየቀው ቋሚ ተሰላፊዎችን በሚመርጠው ሰው ፊት መሆኑን የሚያስተውለው። የጡንቻ እውቀት አልጎደለውም፤ የሁለቱን እግሮች ጉልበት ማነጻጸርና በሙሉ ፍጥነት አስሩጦ ማየት እንዳለበት ተምሯል። ያጣው ያንን ለማድረግ ጊዜ የሚያስገኝለትን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ አብረው ይለማመዱታል፦ «አሠልጣኝ፣ ነገ ጠዋት በሙሉ ፍጥነት አስሩጬው ቁርጡን እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ያለው ውይይት በክፍል የተማሩት እውቀት ሲያረጅም ይጠቅማል። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል፤ ከዚያ ቀደም የተመረቀ ባለሙያ በትምህርቱ ዘመን የተከለከለ መድኃኒት መሆኑን ሳይሰማ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ደግሞ በሰውነቱ ለተገኘው ነገር በቅድሚያ የሚጠየቀው ስፖርተኛው ራሱ ነውና፣ የባለሙያው አለማወቅ የሌላ ሰው እንጀራ ላይ ይወድቃል። የክልከላው ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚታደስ «ዝርዝሩን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከውይይቱ መቅረት የለበትም።

ተቆጣጣሪው ማን ይሁን? የጀማሪውን ውል የሚያድስ አለቃ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ደመወዙን በሚወስን ሰው ፊት ስህተቱን ዘርዝሮ የሚናገር ጥቂት ነውና። በቅርብ ሰው ከታጣ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በስልክም ይቻላል። ያን ጊዜ የተጫዋቹ ስም አይነሳም፤ ማስታወሻ ላይም አይጻፍም፤ የሚመዘገበው የተወሰነው ነገር፣ ምክንያቱና በሚቀጥለው ጊዜ ሊሞከር የታሰበው ብቻ ነው።