ኤክስ ብቻውን አያስተምርም

ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ ተማሪ ስህተት ከመምህሩም ከወላጁም ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ፤ እስቲ ላንሳቸው።

«የተሳሳተው ስላላጠና ነው።» አንዳንዴ አዎ። ግን ከ0.25 እና ከ0.3 የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አምስተኛ ክፍል ግቡና ጠይቁ። 0.25 የሚል አይጠፋም። ለምን? 25 ከ3 ይበልጣላ! ልጁ የሙሉ ቁጥሩን ደንብ ይዞ ነጥቧን ዘሏት ሄደ እንጂ አልሰነፈም። 1/2 እና 1/3 ደምር ሲባል 2/5 የሚለውም እንዲሁ ነው፣ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ። አንድ ቀን እንዲህ ለጻፈ ልጅ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ጨምሬልህ ከግማሽ ያነሰ ደረሰህ?» አልኩት። ሳቀ። የገበሬ ልጅ ነው፤ እኩልና ሲሶን አውድማ ላይ አሳምሮ ያውቃቸዋል፣ ደብተር ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ይመስሉታል። እንዴት እዚህ ደረስክ ብዬ ባልጠይቀው ሰነፍ ብዬው አልፍ ነበር።

«ኤክስና ማርክ ይበቃዋል።» አይበቃውም። 4 ከ10 ያየ ልጅ «አንተስ ስንት አመጣህ?» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እስራኤል ተማሪዎች ላይ ሠርታ በ1988 ያሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ማርክ ከተሰጣቸው የተሻለ መሻሻላቸውን አሳይቷል። ማርክና አስተያየት አብረው ሲሰጡ ደግሞ አስተያየቱ ብዙም አልጠቀመም። ለ60 ተማሪ በየደብተሩ መጻፍ ዘበት መሆኑ አይጠፋኝም፣ እኔም እዚያው ነኝ። ስለዚህ የተደጋገመችውን አንዲት ስህተት መርጬ፣ ስም ሳልጠራ፣ ሰሌዳ ላይ አወጣታለሁ።

«ስህተቱን ጮክ ብሎ ከተናገረ አእምሮው ላይ ይቀራል።» ካልታረመ፣ አዎ ሊቀር ይችላል። ወዲያው ከታረመ ግን፣ በተለይ እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተው ልጅ ትክክለኛውን ይበልጥ ያስታውሳል፤ ድንጋጤው ይዞት ይቀራል መሰለኝ።

«ከስህተት መማር የሚባለው የፈረንጅ ፋሽን ነው።» ጎጃም ላይ ተቀምጦ ይሄን የሚል ሰው ያስቀኛል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ቅርባችን አይደሉም እንዴ? የቅኔ ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና የተባለች ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለት ገጥሞ፣ መምህሩ ፊት ይነግራል። ተበላሸበት? መምህሩ እዚያው ያርሙለታል፣ እሱም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል።

የመጨረሻዋ የእኛው የመምህራን ናት፦ «እርማት ጻፉ ካልን አለቀ።» ልጁ እኮ ከሰሌዳ ገልብጦ ነው። እኔ ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ሳይዘጋጁ፣ 1/4 ሲደመር 1/3 ብዬ እሰጣለሁ። 7/12 ካለ ጥሩ። 2/7 ካለ ወደ አውድማው እንመለሳለን።