«ዲክላር ማድረግ» ምንድን ነው?

ሰው «ሻንጣዬን ዲክላር አስደረጉኝ» ብሎ ሲያማርር ቀረጥ አስከፈሉኝ ማለቱ ነው። ይህን ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ወደ አሜሪካ ለሚመለሱ ወገኖች «ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ዲክላር አይደረግም» ብሎ ሲያስተምር አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ወዳጄ፣ ዲክላር ማድረግ የያዝከውን ለጉምሩክ መናገር ነው። መክፈል ሌላ ነው። ንስሐን አስብ፦ ኑዛዜው የአንተ ነው፤ ቀኖናውን የሚሰጠው ንስሐ አባት ነው። ሰምቶህ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ብቻ ሊያሰናብትህም ይችላል። 800 ዶላር ቀኖናው የሚጀምርበት ልክ እንጂ ኑዛዜው የሚጀምርበት አይደለም። ሽሮ ሜዳ የገዛኸው ነጠላም፣ እናትህ የሰጡህ ጥልፍ ቀሚስም ይነገራል። «ስጦታ እኮ ነው» አያድንም፤ ስጦታ በገበያ ዋጋው ይገመታል። ዱባይ ላይ ከቀረጥ ነጻ ሱቅ የገዛኸው ሽቶ ቀረጥ የቀረለት በዱባይ እንጂ በዋሽንግተን አይደለም።

በነገራችን ላይ 800 ዶላሩ የሚሠራው ለነዋሪ ነው፤ ያውም ቢያንስ 48 ሰዓት ውጭ ቆይቶ ለተመለሰና ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ላልተጠቀመበት። በነሐሴ 2017 የቀረው የ800 ዶላር ነጻ መብት ደግሞ በፖስታና በመላኪያ ድርጅቶች ለሚመጣ ዕቃ የነበረው ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ቋንጣን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የከብት ሥጋ አይገባም። ከተናገርክ ቋንጣው ይወሰዳል፣ አንተ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ደብቀህ ከተገኘብህ እስከ 1,000 ዶላር ልትቀጣ ትችላለህ። ቅጣቱ የዝምታህ ነው። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ነጠላ መግዛት ኃጢአት አይደለም፣ የጉምሩክ ሠራተኛም የንስሐ ምስጢር አይጠብቅም።)

መናገርና መክፈል እንደሚለያዩ ያላመነ ጥሬ ገንዘብን ይመልከት። «ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይባላል። ክልክል አይደለም፤ መጠኑም ገደብ የለውም። ከ10,000 ካለፈ ግን በቅጽ ይነገራል፣ ቀረጥም አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። ሳይነገር ከተገኘ ግን ገንዘቡ ሊወረስ ይችላል። ከኢትዮጵያ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ሌላ ጉዳይ ነው። ለባለቤቱ 6,000 አስይዞ እሱም 6,000 ይዞ «ሁለታችንም ከገደቡ በታች ነን» የሚለውም ተሳስቷል፤ አብረው የሚጓዙ ቤተሰቦች ላለመናገር ሲሉ ገንዘብ መከፋፈል አይችሉም።