የአንድ ዶላር ሊዝ ምንድን ነው?

ሊዝ ሲባል ጎንደር ላይ ጆሮውን የማያቆም ሰው የለም። ካሬው በስንት ወጣ፣ ማን አሸነፈ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ነው፣ ይሄ የሻይ ቤት ወሬያችን ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው፣ በዓለም አንደኛ ሀብታም የሆነው ጦር ወደ 316 ሄክታር መሬት ለ65 ዓመት በ1 ዶላር ተከራየ ብትሉት አያምናችሁም። በዓመት 1 ዶላር ማለቴ አይደለም። ለ65ቱም ዓመት፣ ጠቅላላ፣ 1 ዶላር። በእኛ ቃዳ ብናሰላው ከ1,200 ቃዳ በላይ መሬት ነው።

ቦታው ሃዋይ ነው። ኦአሁ በምትባለው ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ማኩዋ የሚባል ሸለቆ አለ። በሦስት በኩሉ ተራራ፣ በአራተኛው ባሕር። ሆኖሉሉም ያለችው በዚችው ደሴት ላይ ነው። ተከራዩ የአሜሪካ ምድር ጦር ነው፣ አከራዩ የሃዋይ ግዛት መንግሥት። ሸለቆው ውስጥ ሲያርስ፣ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ሙታኑን ሲቀብር የኖረው ሰው ግን ውሉ ላይ የለም። እኔን የቆረቆረኝም እሱ ነው። የማኅበረሰብ መሬት ጦር ሲገባበት ደረጃ በደረጃ እንዴት ከሰው እጅ እንደሚወጣ ማየት የፈለገ ማኩዋን ይይ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የሕጉን ነገር እንጨርስ። በአሜሪካኖች ሕግ ውል እንዲጸና ሁለቱም ወገን የሆነ ነገር መስጠት አለበት። አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ብቻ ከሆነ ስጦታ እንጂ ውል አይባልም። ስለዚህ መሬት በነጻ መስጠት ሲፈለግ 1 ዶላር ተብሎ ይጻፋል። ገንዘቡ ለወጉ ነው። አንድ ከተማ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት እንዲህ አድርጎ ቦታ ቢሰጥ ማንም አይከፋውም። ጥያቄው የሚመጣው ሰጪው የሰጠው የራሱን ነው ወይ የሚለው ላይ ነው።

የማኩዋ መሬት የማን ነበር?

ሃዋይ ድሮ የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች። መሬቱ አሁፑአአ በሚሉት አከፋፈል ከተራራው ጫፍ እስከ ባሕሩ እየተቆረሰ ነበር የሚያዘው። ከላይ እንጨቱና ውሃው፣ መሀል ላይ እርሻው፣ ታች ዓሣው፣ አንድ ማኅበረሰብ ሁሉንም ከአንድ ቁራሽ ያገኝ ነበር። ዋናው ሰብላቸው ጎደሬ ነው፣ ያው የደቡቡ አገራችን ሰው የሚያውቀው ጎደሬ፤ ውሃ በሚተኛበት እርከን ላይ ይተክሉታል። በ1848 ንጉሡ መሬቱን በሕግ ከፋፈለው፤ ለራሱ፣ ለመኳንንቱና ለመንግሥቱ። ለተራው አራሽ ከአገሩ መሬት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልደረሰውም። በ1893 ደግሞ የነጭ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ቡድን፣ ቦስተን ከምትባል የጦር መርከብ የወረዱ የአሜሪካ ወታደሮች ከተማው ውስጥ ቆመው እያዩ፣ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋኗ አወረዳት። በ1898 አሜሪካ ሃዋይን ጠቀለለች። የዘውዱና የመንግሥቱ የነበረው 1.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ከ700,000 ሄክታር በላይ መሬት፣ ያለ ካሳ በአሜሪካ እጅ ገባ። ይሄ የእኔ ወሬ አይደለም፤ በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ በሕግ ይቅርታ ጠይቆበታል። በይቅርታው የተመለሰ መሬት ግን የለም።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በእኛ አቆጣጠር እስከ የካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ድረስ እዚህ አገር ሰው መሬት የሚጠይቀው አባት አያቱን እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ነበር። ርስቱን የተነጠቀ ሰው ምን እንደሚሆን፣ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ደጅ እንደሚጠና፣ የማይተርክ ቤት የለም። የማኩዋ ሰዎችም የሚከራከሩት በዚሁ ልብ ነው። የአያቶቻችን አጥንት እዚያ ነው ያለው ይላሉ።

አሁን ሁለት ቀን ልብ በሉልኝ፣ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር። ህዳር 18 ቀን 1934 ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ወልቀፊት ወድቋል፣ ቁልቋል በር ወድቋል፣ የጣልያን የመጨረሻ ይዞታ እዚሁ ከተማችን ላይ አበቃ። ህዳር 28 ቀን 1934 ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ጣቢያ፣ ፐርል ሃርበርን፣ ደበደበች። ልዩነቱ 10 ቀን ነው። እዚህ የባዕድ ጦር ተሸንፎ ሲወጣ፣ እዚያ ሃዋይ ላይ በዚያው በጥቃቱ ቀን ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ልመለስና፣ የአሜሪካ ጦር ከ1920ዎቹ ጀምሮ የማኩዋን ጥግ ጥግ ይዞ ነበር፤ በ1942 ጠቅልሎ ያዘው። ነዋሪው ውጣ ተባለ። ጊዜው የጦርነት ነው፣ ማን ይከራከራል? ሰዎቹ ወጡ። ቤቶቻቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው የተኩስ መለማመጃ ሆኑ። ሕዝቡ የጸለየባት፣ ልጆቹን ያስጠመቀባት ቤተ ክርስቲያን፣ ለዒላማ።

ቃል ግን ተገብቶ ነበር። የያኔው የሃዋይ አስተዳደር ለጦሩ የሰጠው ፈቃድ፣ ጦርነቱ ባለቀ በ6 ወር ውስጥ መሬቱ ተስተካክሎ ይመለሳል ይል ነበር። ጦርነቱ በ1945 አለቀ። 6 ወሩም አለፈ።

ይህን አዘዞ ለሚኖሩ አንድ አዛውንት ሳጫውታቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እና ልጄ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ አልመለሱላቸውም?» አሉኝ። «አልመለሱም አባባ፣ ይኸው እስከ ዛሬ» አልኳቸው። «የእኛስ ጠላት ነበር፣ ተዋግተን አስወጣነው። እነሱ ማንን ብለው ይዋጉ?» አሉ።

የእሳቸው ጥያቄ ነገሩን በደንብ ይነካዋል። በወረቀት ሃዋይ ከ1959 ጀምሮ የአሜሪካ 50ኛ ግዛት ናት፣ ስለዚህ ጦሩ የአገሩ ጦር ነው። ብዙ የሃዋይ ተወላጆች ግን እንደ ባዕድ ጦር ነው የሚያዩት፣ ምክንያታቸውም ከላይ የነገርኳችሁ የ1893ና የ1898 ታሪክ ነው። እኔ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ባዕድ ጦር በውል ሲገባ ቢያንስ የመውጫ ቀን ይቆረጥለታል፤ አሜሪካ አሥመራ ላይ ለነበራት ቃኘው ጣቢያ ከእኛ መንግሥት ጋር በ1953 የተፈራረመችው የ25 ዓመት ውል ነበር፣ ጣቢያውም በ1977 ተዘጋ። የማኩዋ ሰው ግን የሚፈርም መንግሥት አልነበረውም። መንግሥቱ ቀድሞ ፈርሷል።

መሬቱ ለምን አልተመለሰም? ሁለት ምክንያት ይሰጥ ነበር። አንዱ፣ ለስልጠና ያስፈልገናል። ሁለተኛው፣ መሬቱ ላይ ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ስላለ ለሰው አደገኛ ነው።

ሁለተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ቦምቡን የጣለው ማን ሆነና? ከአውሮፕላን፣ ከመርከብ፣ ከመድፍ ወደ ሸለቆው ሲወረወር የኖረው ሁሉ በሙሉ አይፈነዳም። የከሸፈው አፈር ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ይሸፍነዋል፣ ጎርፍ ከቦታ ቦታ ይወስደዋል፣ ሣር ይበቅልበታል። ጦርነት ያለፈበት አገር ሰዎች ስለሆንን፣ ማሳ ውስጥ የተገኘ ብረት የልጅ እጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያስረዳንም። እንግዲህ ጦሩ በቆየ ቁጥር መሬቱ ይበልጥ ይበላሻል፣ መሬቱ በተበላሸ ቁጥር ደግሞ ለባለቤቱ ላለመመለስ ምክንያቱ ይበረታል። በመላው ታሪኩ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው የሰው ቤት አፍርሶ፣ ፈርሷልና አትገባም ሲል ማለት ነው።

ሊዙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1964 ነው። አሜሪካ ከጠቀለለችው መሬት አብዛኛው በ1959 ለሃዋይ ግዛት ተመልሶ ነበር፣ ግን በአደራ፤ ለሕዝቡና በተለይም ለተወላጆቹ ጥቅም እንዲውል ተብሎ። ግዛቱ በአደራ ከተቀበለው መሬት ላይ ነው እንግዲህ ማኩዋን ጨምሮ ወደ 30,000 ኤከር የሚጠጋውን፣ ማለትም ወደ 12,000 ሄክታር፣ በየውሉ 1 ዶላር እየጻፈ ለ65 ዓመት ለጦሩ ያከራየው። ትልቁ ቁራሽ ፖሃኩሎአ የሚባለው በሁለት እሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል ያለ ሜዳ ነው። አደራ በላ የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 ስለ ፖሃኩሎአ ሲፈርድ፣ ግዛቱ ያከራየውን የአደራ መሬት የመከታተል ግዴታውን አልተወጣም ብሏል።

እኛም አገር ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው ይላል፣ ገበሬውም እንዳይነቀል ጥበቃ አለው። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ግን መሬት ይወሰዳል፣ ካሳም ይከፈላል፣ እና ክርክሩ ሁሉ ካሳው ላይ ያልቃል፤ በሄክታር ስንት፣ ለባሕር ዛፉ ስንት። ማኩዋን ካነበብኩ ወዲህ ግን እኔ ከካሳው በፊት ሌላ ነገር መጠየቅ ጀምሬያለሁ። «ለጊዜው ነው» ከተባለ ቀኑ ተጽፏል ወይ? ሲመለስ በምን ሁኔታ፣ ማን አጽድቶት? ቀኑ ሲያልፍ ገበሬው ወዴት ሄዶ ይከሳል? የማኩዋ ሰዎች 6 ወር የሚል ወረቀት ነበራቸው፣ ግን በዚያ ወረቀት ማንንም ማስገደድ አልቻሉም።

ሕዝቡ ዝም አላለም። አካባቢው ድሃ ነው፣ የሃዋይ ተወላጅ በብዛት የሚኖርበትም ነው። ቤት ያጣ ሰው ማኩዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ድንኳን ጥሎ ሲኖር በ1983ም በ1996ም በፖሊስ ተነሥቷል። በ1992 ማላማ ማኩዋ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። በ1998 ጦሩን ከሰሱት፤ የከሰሱትም በርስት ክርክር ሳይሆን በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው፣ ብልህ አካሄድ ይመስለኛል። ሸለቆው ውስጥ ከ40 በላይ ሊጠፉ የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት አሉ፣ ተኩሱ ደግሞ እሳት ያስነሣል። በ2003 ጦሩ ሣር ለመቀነስ ብሎ ራሱ የለኮሰው እሳት አምልጦት የሸለቆውን ግማሽ ያህል በላው። በ2001 በተደረገ ስምምነት ጦሩ ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ ተገደደ። በደንብ አላቀረበም፣ ስለዚህ ከ2004 ወዲህ በእውነተኛ ጥይት አልተተኮሰም። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ዳግመኛ ማኩዋ ላይ በእውነተኛ ጥይት ስልጠና እንደማያደርግ ተስማማ።

በዚያው በ2001ዱ ስምምነት ሰዎቹ በወር ሁለቴ ወደ ሸለቆው የመግባት መብት አገኙ። አገባቡ እንዲህ ነው። በሩ ላይ፣ አንድ ነገር ብሆን አልከስም ብለህ ትፈርማለህ። ስለ ፈንጂ ማስጠንቀቂያ ይነገርሃል። ከዚያ ፈንጂ የሚያውቅ አጃቢ እየመራህ፣ በተጸዳው መንገድ ብቻ ትሄዳለህ። አያትህ ጎደሬ የተከሉበትን የድንጋይ እርከን በዓይንህ ታየዋለህ እንጂ ከመንገዱ ወጥተህ እጅህን አታሳርፍበትም። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ማካሂኪ የሚባለውን በዓላቸውን እዚያው አድረው ያከብራሉ፣ ወቅቱ ሲገባና ሲወጣ። ማካሂኪ የዝናብና የአዝመራ ወቅት ነው፤ በድሮው ሥርዓታቸው በእነዚያ ወራት ጦርነት ክልክል ነበር። መባቸውን በቅጠል ጠቅልለው፣ እየዘመሩ፣ ከአጃቢው ጋር ይገባሉ።

ሊዙ የሚያልቀው ነሐሴ 16 ቀን 2029 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 10 ቀን 2021። ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ይህን ቀን ነው፣ ግን አንድ ነገር አትሳቱ። ጦሩ ከያዘው ወደ 1,700 ሄክታር መሬት ውስጥ በሊዝ ያለው 316ቱ ብቻ ነው። የቀረው በፌዴራሉ መንግሥት ስም ተመዝግቧል፤ 1 ዶላርም የለበት፣ ማብቂያ ቀንም የለበት። ማላማ ማኩዋ የሚጠይቀው ሁሉንም ነው፣ ቦምቡን የጣለው አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሱ ወጪ አጽድቶ።